ክር ያለበት ሸሚዝ

ባለቤቴ ባንክ ቤት ነው የሚሠራው። ባንክ ቤት ደግሞ ነጭ ሸሚዝ ይወዳል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በበጋ አቧራው ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ በመስኮት ይገባል፤ በክረምት ጭቃው ከባጃጅ ጎማ ተፈናጥሮ ደረት ድረስ ይደርሳል። በዚህ ከተማ ሰው በየቀኑ ነጭ ይልበስ ብሎ ያዘዘው ሰው በሕይወቱ ልብስ አጥቦ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ። ትእዛዝ ግን ትእዛዝ ነው። ከተጋባን ጀምሮ አንዱ ሥራዬ ነጩን ሸሚዝ ነጭ አድርጎ ማቆየት ነው። የማስተምረው በፈረቃ ነው፤ ሸሚዙ ፈረቃ የለውም።

እንዲያው ማማረር ስለምወድ ነው እንጂ ሥራውን አልጠላውም። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ሸሚዙን ለማንም አያስነካም። የከሰል ካውያውን ደጅ አውጥቶ እያራገበ ካጋለ በኋላ መጀመሪያ ኮሌታውን፣ ቀጥሎ ትከሻውን፣ ከዚያ እጅጌውን፣ በመጨረሻ ደረቱንና ጀርባውን ይተኩሳል። ይህን ቅደም ተከተል ያፋለሰ ሰው ካየ ፊቱን ያዞራል። ከእሱ ወርሼው መሰለኝ፣ ሰው ሲያናግረኝ ዐይኔ ቀድሞ የሚሄደው ኮሌታው ላይ ነው። ስለ ሰውየው ብዙ የሚነግረኝ ይመስለኛል፤ ብዙ ጊዜም ተሳስቻለሁ።

የእድፍ ነገር ደግሞ ለብቻው ትምህርት ነው። ዘይት የነካውን ሸሚዝ ውሃ ሳያገኘው በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ማሸት ነው። የእስክሪብቶ ቀለም በአረቄ ይለቃል። የባንክ ሠራተኛ የደረት ኪስ ከቀለም ነፃ ሆኖ ስለማያውቅ፣ ልብስ በማጥብበት ቀን ቤታችን አረቄ ቤት አረቄ ቤት ይሸታል። የብብት ላብ ያመጣውን ቢጫ በረኪና ያባብሰዋል፤ የሚያዋጣው ሎሚና ጨው ነው። የበርበሬ ቅላት ከታጠበም በኋላ ይቀራል፣ ፀሐይን ግን አይችልም፤ ሸሚዙን እርጥቡን እየመለሱ ማስጣት ነው። ከሁሉም ጠማማው እርድ ነው። አልጫ ወጥ ጠብ ያለበት ሸሚዝ ሳሙና ሲነካው ቢጫው ይቀላል። ይህን የማያውቅ ሰው ደም መስሎት ይደነግጣል፣ ደንግጦም አብዝቶ ያሸዋል፣ ጨርቁንም ይጎዳዋል። ትቶ ፀሐይ ላይ ቢሰቅለው ኖሮ በራሱ ጊዜ ይሄድለት ነበር።

አማቴ እኛ ቤት የመጡት የባለቤቴ አባት አርፈው ተዝካራቸው ከወጣ በኋላ ነው። አገራቸው ከመራዊ ገባ ብሎ ነው። ሌሎቹ ልጆቻቸው አግብተው ራቅ ራቅ ብለው ሄደዋል። ቤታቸው የወንዝ አፋፍ ላይ ለብቻው የቆመ ስለ ሆነ፣ ጎረቤት የሚሰማቸው ጮክ ብለው ከተጣሩ ብቻ ነው። መሬቱን ለዘመድ ሰጡ፤ በሩን ቆለፉ፤ በአንድ ዘንቢል የሚገባውን ይዘው መጡ። የመጡ ዕለት እራት ላይ፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው የሚናገሩ መስለው፣ "ተቀምጦ መብላት አልለመድሁም። ሥራ ካለ እኖራለሁ፤ ከሌለም አገሬ አለ" አሉ። ባለቤቴ ሳቅ አለ። እኔ አልሳቅሁም። እንዲህ ብለው የተናገሩትን ነገር የሚተዉ ሰው አለመሆናቸውን በሠርጌ ጊዜ አይቻለሁ።

ማድቤቱን አልወደዱትም። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ምድጃ፣ "ይኸ እሳቱ የማይታይ ነገር" እያሉ ራቅ ብለው ያልፉታል። የገጠር ሰው ፍርሃት መሰለኝ። በዚያ ፈንታ ሸሚዞቹን መረጡ። "የልጄን ልብስ እኔ አጥባለሁ" አሉና ሳፋውን ወደ ማንጎው ዛፍ ጥላ ስበው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በፊት ባለቤቴ እሑድ እሑድ ሸሚዙን ራሱ ይተኩስ ነበር፤ ደኅና አድርጎም ይችልበታል። እናቱ ከመጡ ወዲህ ካውያውን ዞር ብሎ አላየውም። እናቱ ፊት ካውያ ይዞ መቆም እንደ ነውር ሆነበት። በዚህ ጉዳይ ተከራክሬዋለሁ፤ እስካሁንም አላሸነፍሁም።

ጥቂት ሳምንት እንደ ቆየን ሸሚዞቹ ከነእድፋቸው መውጣት ጀመሩ። ሳሙናው አለ፣ ውሃው አለ፣ ጉልበቱም አለ፤ አማቴ ሲያጥቡ ክንዳቸውን ያየ ሰው የጤፍ አውድማ ላይ ያሉ ይመስለዋል። ኮሌታው ግን ጥቁር መስመሩን እንደ ያዘ፣ ደረቱም የወጥ ጠብታውን እንደ ተሸከመ ገመድ ላይ ይሰጣል። አንድ ቀን ባለቤቴ ሽሮ የነካው ሸሚዝ ለብሶ ሄዶ ደንበኛ እያየው ሲያስተናግድ ዋለ። እንዲህ እንዳይደገም ዘዴ ፈጠርሁ። አማቴ ቅዳሴ ሲሄዱ ሸሚዞቹን ከገመድ አውርጄ እንደ ገና አጥቤ መልሼ እሰቅላለሁ። ሲመለሱ በገመዱ ሥር እያለፉ በእጃቸው ይዳስሱና "ፀሐዩ ዛሬ ሰነፍ ነው፤ ገና አልደረቀም" ይላሉ።

እኔም በውስጤ እናደድ ነበር። ግዴለሽነት ነው ብዬ ያሰብሁበት ቀን አለ። ምራቴን ልፈትናት ብለው ሆን ብለው የሚያደርጉት ነው ብዬ ያሰብሁበት ቀንም አለ። እንዲህ የሚያደርጉ አማቶች ሰምቻለሁ። ከእነሱ ጋር ደመርኋቸው፤ በልቤ ብቻ ነው እንጂ በአፌ አላወጣሁትም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ማኅበር ለብሶት የዋለውን ሸሚዝ እያጠቡ ነበር። ደረቱ ላይ መዳፍ የሚያህል የዶሮ ወጥ እድፍ አለበት። የተሰጣ ልብስ ልሰበስብ ወጥቼ በአጠገባቸው ሳልፍ ቆምሁ። እድፉ ከውሃው በላይ ወጥቶ ፊት ለፊታቸው ተዘርግቷል። እሳቸው የሚያሹት የእጅጌውን ጫፍ ነው፤ እዚያ ላይ ምንም የለም። ሳሙና ጨመሩ። ምንም የሌለበትን እጅጌ በሁለት ቡጢያቸው መካከል አድርገው ፈተጉት። ከዚያ ሸሚዙን አንሥተው ወደ ፊታቸው አቀረቡት፣ ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ አሸተቱት። "አሁን ለቀቀ" አሉና ወደሚለቀለቅበት ውሃ ከተቱት።

ንዴቴ በአንድ ጊዜ ጠፋ። በምትኩ የመጣው ፍርሃት ነው። ያ የወንዝ አፋፍ ላይ ያለው ቤት ትዝ አለኝ። ሥራ ካጡ እሄዳለሁ ያሉት ወደዚያ ነው፤ ሥራቸው ደግሞ ይኸው ነበር።

ለባለቤቴ ነገርሁት። "የዐይን ሞራ ይሆናል፤ ይገፈፋል" አለ። መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሳምንት ባሕር ዳር ይዘናቸው ሄድን። ሐኪሟ በመሣሪያዋ ግራና ቀኝ ካየቻቸው በኋላ እኛን ሳይሆን እሳቸውን ነው ያናገረቻቸው፤ ይህን እስካሁን አከብርላታለሁ። "ሞራ ቢሆን እንገፍፍልዎ ነበር፣ እናቴ። ይህ የዐይን ግፊት ነው። የሄደው አይመለስም፤ የቀረው እንዳይሄድ ጠብታ እሰጥዎታለሁ" አለቻቸው። አማቴ "እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ልጅ" ብለው ተነሡ። በሩን በእጃቸው ፈልገው አገኙት። በዚያ ቀን እኛ ፊት መንገዳቸውን ሲዳስሱ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ከዚያ በፊት ይደብቁን እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ስንመለስ አውቶቡሱ መራዊ ላይ ቆመ። እህል የጫነ ጋሪ መንገዱን ዘግቶ ሰው ይጯጯሃል። አማቴ ዘንቢላቸውን ከእግራቸው ሥር አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉ። "እኔ እዚህ ልውረድ" አሉ። "ቤቴን ዐይኔ ባያየውም እግሬ ያውቀዋል። ከእናንተ ቤት ምን እሠራለሁ?"

ባለቤቴ በመስኮት ጋሪውን ማየት ያዘ።

"ሸሚዞቹንስ ማን ያጥባቸው?" አልሁ እኔ። እንደ ጥሩ ምራት አስቤበት አይደለም። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። "እስከ ትንሣኤ ልቆይ" አሉ። "ከትንሣኤ በኋላ ግን አገሬ ልግባ።" ዘንቢሉን መልሰው አስቀመጡት፤ አውቶቡሱም ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ዐይናቸው አላነሣም። ጠብታውን ጠዋትና ማታ አደርግላቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ሳፋውን ስበው ይቀመጣሉ፤ እኔም ቅዳሴ ሲሄዱ ጠብቄ መልሼ አጥባለሁ። ለእሳቸው ደግ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ እንደ ልማዳቸው ለግድግዳው፣ "የከተማ ልብስ ሁለት ጊዜ ውሃ ይጠጣል ለካ" አሉ። ጉርሻዬን መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥሁ። እሳቸው ምሳቸውን በልተው ጨረሱ። በዚያው ሳምንት አገር ቤት ላለው ዘመዳቸው የቤቱን ክዳን እንዲያይላቸው ላኩበት።

መልሼ ማጠቡን ተውሁ። ሸሚዞቹ ከነእድፋቸው መውጣታቸው ቀጠለ፤ ባለቤቴም ኮቱን በሙቀት ሳይቀር መቆለፍ ጀመረ። ባንክ ቤት ሰው በላብ ቢሞት ግድ የለውም፤ ነጭ መሆኑን ነው የሚያየው።

የክሩ ነገር የመጣው ሳላስበው ነው። አንድ ቅዳሜ፣ ሳፋው ተዘጋጅቶ እያለ፣ ከአንዱ ሸሚዝ ላይ የተነቀለ ቁልፍ እሰፋ ነበር። ቁልፉን ጨርሼ መርፌው እጄ ላይ እንዳለ ኮሌታው ላይ ያለውን ጥቁር መስመር አየሁት። እዚያው ላይ አንድ ቋጠሮ አሰርሁበት፤ ጫፉን ትንሽ ተውሁት፤ ምንም ሳልል ሳፋው ውስጥ ጨመርሁት።

አማቴ ሸሚዙን አንሥተው እጃቸውን አሳለፉበት። ጣታቸው ክሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። እኔ ገመዱ ላይ የሌለ ልብስ ማስተካከል ያዝሁ። ከዚያ የማሸቱ ድምፅ ተጀመረ፤ በዚያው በአንዱ ቦታ ላይ፣ ረዥም ጊዜ። ሲጨርሱ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። "ይኸ ክር ያንቺ መሰለኝ" አሉ። ኮሌታውን አየሁት። ነጭ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በክር ነው የተግባባነው። ነጭ ክር ነው፤ ቢረሳ እንዳይታይ። የሸሚዝ ቀን ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱን ብርሃን ላይ ዘርግቼ እድፍ ያለበትን አስራለሁ። እሳቸው ይፈልጉታል፣ ያሹታል፣ ይበጥሱታል። ካልለቀቀ እንደ ገና አስሬ ወደ ሳፋው እመልሰዋለሁ፤ ማንም ምንም አይልም። ትንሽ ቆይቶ፣ "ዘይቱም ቀለሙም በአንድ ዐይነት ነው እንዴ የሚታሰረው? መድኃኒቱ እኮ ይለያያል" አሉ። ስለዚህ ዘይት አንድ ቋጠሮ ሆነ፤ ቀለም ሁለት፤ ላብ ደግሞ ቋጠሮ የሌለው ረዘም ያለ ክር። ሁለት ቋጠሮ ሲያገኙ "አረቄውን አቀብዪኝ" ይላሉ። የእርዱን ጠባይ ስነግራቸው ሳቁ። "እንደ ልጅ ነዋ። ሲነኩት የሚብስበት፣ ሲተዉት ዝም የሚል" አሉ። አንድ ጊዜ ሳይበጠስ የቀረ ክር ባለቤቴ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ባንክ ገባ። የሥራ ባልደረቦቹ ከሱቅ እንደ ወጣ ዕቃ ቆጥረውት "ዋጋው የት አለ?" እያሉ ሲቀልዱበት ዋሉ። እሱም ቤት መጥቶ ነገረን፤ ከሁላችን በላይ የሳቁት እናቱ ናቸው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የአባቴን የከሰል ካውያ አወጣለሁ። ያን ጊዜ አማቴ ይነሣሉ። ውሃ በአፋቸው ሞልተው ሸሚዙ ላይ እፍ ሲሉት እንደ ጉም ስስ ሆኖ ይወርዳል። እኔ ስሞክረው በአገጬ ይፈስሳል። እሳቸው እፍ ይላሉ፣ እኔ እተኩሳለሁ። በዚህ መሐል ነው ስለ ባላቸው፣ ስለ በሬዎቻቸው፣ ስለዚያ ወንዝ የሚያወሩኝ። ሁልጊዜም መጨረሻው ላይ "እንግዲህ ከትንሣኤ በኋላ" የምትለዋ ቃል ትመጣለች። ክዳኑ ታድሷል። ዘመዳቸው እስከ መራዊ መጥቶ ሊቀበላቸው ቃል ገብቷል። ባለቤቴ አንድ ጊዜ እንዲቀሩ ሲለምናቸው፣ "ምን ጎደለብኝ ብዬ ነው ልጄን የምጫነው?" ብለው ዘጉት። እኔ አልለመንሁም። እንዲቀሩ እፈልግ ነበር፤ አጥብቄ እፈልግ ነበር። ልመና ግን እሳቸው ላይ እንደማይሠራ አውቃለሁ።

የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነው። ሸሚዞቹን ጨርሰን ገመድ ላይ ሰቅለናል። ሳፋውን ልደፋ ስል "ቆዪ" አሉኝ። ወደ ክፍላቸው ገብተው ነጠላቸውን ይዘው ወጡ። ቤተ ክርስቲያን የሚስሙበትን ነጠላ ሁልጊዜ የሚያጥቡት ራሳቸው ናቸው፤ ማንም ነክቶት አያውቅም። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ነጠላውን ከጥለት እስከ ጥለት በጣታቸው አሳለፉት፤ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ቀስ ብለው ነው፤ የሚፈልጉት ነገር እንዳለ ያስታውቃል።

"በዚህ ላይ ክር አላገኘሁበትም" አሉ። "ንጹሕ ሆኖ ነው?"

ተቀብያቸው ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። ጥለቱ አጠገብ ጧፍ ተንጠባጥቦበታል። መሐሉ ላይ የሽሮ ጠብታ አለ፤ ከእሱ በላይ ሌላ፤ ትከሻ የሚያርፍበት ላይ የጠቆረ የእጅ አሻራ የሚመስል ነገር አለ፤ ጫፉ ጭቃ ይዞ ደርቋል። ክረምቱ ካለፈ ቆይቷል። ይህን ለብሰው ነው በየሳምንቱ ሴቶቹ መሐል ሲቆሙ የከረሙት። ሴቶቹ አይተዋል፤ ከሴቶቹ አንዷም አልነገረቻቸውም። እኔ ደግሞ ደጁን ሲወጡም ሲገቡም አያቸዋለሁ፤ ዐይኔ የነበረው ገመዱ ላይ ነው። አፈርሁ። ደኅና ነው ብዬ ልዋሻቸው አልቻልሁም፤ ፊቴን ባያዩም ድምፄን እየጠበቁ ነው።

"አይደለም፣ እማማ" አልሁ።

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያ እሰሪበት።"

መርፌዬን አምጥቼ መሬት ላይ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ነጠላው ከሸሚዝ ይሳሳል፤ ቀስ ብዬ ነው የምወጋው። እሳቸው አንዱን ጫፍ ይዘው፣ አንዱን ቋጠሮ ስጨርስ በጣታቸው ያገኙትና ወደሚቀጥለው ይጠብቁኛል። ስንት እንደ ሆነ እየቆጠሩ መሆኑ ገብቶኛል፤ ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። ግማሹ ላይ ስደርስ ከክሩ ማጠንጠኛው ብቻ ቀረ።

"ምነው ቆምሽ?" አሉ።

"ክሩ አለቀብኝ፣ እማማ። ሱቅ ደርሼ ልምጣ።"

ነጠላውን ጭናቸው ላይ ሰብሰብ አድርገው በሁለት እጃቸው ያዙት።

"በርከት አድርገሽ ግዢ" አሉ። "ከትንሣኤ በኋላም ያስፈልገናል።"